የ97 ለ 7 ትምህርት
ከደቡብ አፍሪካ የዋተር ፖሎ ሴቶች እስከ እኛው ማሞ ወልዴ

33 ለ 1። ይህን ቁጥር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የጽሑፍ ስሕተት ነው። ስሕተት ግን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሆላንድ የሴቶች ዋተር ፖሎ ቡድን የደቡብ አፍሪካ አቻውን ያሸነፈበት ውጤት ነው። የጨዋታው የተጣራ ጊዜ 32 ደቂቃ ብቻ በመሆኑ፣ ደቡብ አፍሪካውያኑ ግብ ውስጥ በየደቂቃው ከአንድ በላይ ኳስ ገብቷል ማለት ነው። እነዚሁ ልጆች በመክፈቻው ግጥሚያ በስፔን 29 ለ 4 ተረትተዋል። ካናዳ 21 ለ 1፣ አውስትራሊያ ደግሞ 14 ለ 1 አሸንፋቸዋለች። ሲደመር 4 ግጥሚያ፣ 4 ሽንፈት። 97 ግብ ገባባቸው፤ እነሱ ያስቆጠሩት 7 ብቻ ነው። ከ10 ቡድኖች 10ኛ ሆነው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ እንዲህ ያለ ውጤት በተሰማ ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው። "ለመሆኑ እነዚህ ልጆች እዚያ ምን ሊሠሩ ሄዱ? የአገርን ስም ከማስነወር ቤታቸው ቢቀመጡ አይሻልም ነበር?" ጥያቄው የደቡብ አፍሪካ ብቻ አይደለም። እኛም ስንጠይቀውና ስንጠየቀው የኖርነው ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሩጫው ሜዳ ወጣ ብለን፣ ብዙዎቻችን ስለማናውቀው የውኃ ውስጥ ጨዋታና ስለ አንድ ወጣት ቡድን ጥቂት እንጨዋወታለን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው እንዴት ያለ ነው?

ዋተር ፖሎ በአጭሩ የእጅ ኳስን ውኃ ውስጥ መጫወት ማለት ነው። በእያንዳንዱ ወገን 6 ተጫዋቾችና 1 ግብ ጠባቂ ገንዳው ውስጥ ይሰለፋሉ። ገንዳው ጥልቅ ነው፤ ወለሉን ረግጦ ማረፍ አይቻልም። ከግብ ጠባቂዋ በስተቀር ማንም ኳሷን በሁለት እጁ መያዝ አይፈቀድለትም። ግቡ 3 ሜትር ስፋት ሲኖረው ከውኃው በላይ ያለው ከፍታ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ተጫዋቾቹ ሁለቱን እግሮቻቸውን ከውኃው በታች በተቃራኒ አቅጣጫ እያሽከረከሩ ራሳቸውን ያንሳፍፋሉ፤ በአንድ እጃቸው ኳሷን ይቀባበላሉ፤ በሌላው ተጋጣሚያቸውን ይከላከላሉ። ዳኛው ከላይ ሆኖ የሚያየው ግማሹን ነው። ከውኃው በታች ያለው መጎተት፣ መያዝና መራገጥ ሌላ ጨዋታ ነው።

በእግር ኳስ ደካማ ቡድን 10 ሰው ግቡ ፊት ደርድሮ፣ ሰዓት እየገደለ 1 ለ 0 ተሸንፎ ሊወጣ ይችላል። ዕድል ከቀናውም 0 ለ 0 ይለያያል። በዋተር ፖሎ ግን ይህ መሸሸጊያ የለም። ቶኪዮ ላይ በነበረው ሕግ ኳስ የያዘ ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ ግብ ካልመታ ኳሷን ያጣ ነበር። ስለዚህ ኳስን ይዞ ማርፈድ አይቻልም፤ በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ጥቃቱ በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። ደካማው ቡድን አንዲት ቅብብል ባበላሸ ቁጥር ፈጣኖቹ ዋናተኞች በአንድ ክንድ ቀድመው ይወጣሉ። ግብ ጠባቂዋ ከሁለትና ከሦስት ሰው ጋር ብቻዋን ትፋጠጣለች። ሲደክሙ ጥፋት ይሠራሉ፤ ቶኪዮ ላይ በነበረው ሕግ ከባድ ጥፋት የሠራች ተጫዋች ለ20 ሰከንድ ትወጣለች፤ ቡድኗም በአንድ ሰው ይጎድላል። ያን ጊዜ ሌላ ግብ ይገባል።

እንግዲህ 33 ለ 1 የሚባለው ውጤት የሚወለደው በዚህ መንገድ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለውን የዝግጅት ርቀት ነው። ስንፍናንና ፍርሃትን ከዚህ ቁጥር ውስጥ ማንበብ ግን አይቻልም። እንዲያውም ውጤቱ 20 ለ 1 ከሆነ በኋላ፣ አንዱ ግብ ሌላውን እየተከተለ፣ እስከ መጨረሻው ደወል ድረስ እግርን እያሽከረከሩ ውኃው ላይ መቆየት ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ ገንዳ ገብቶ የሞከረ ያውቀዋል።

እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው?

ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ ታግዳ፣ የተመለሰችው በ1992 በባርሴሎና ነበር። ያን ዓመት እኛ ኢትዮጵያውያን አንረሳውም። የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉና ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ሲዞሩ ዓለም ያየው ያን ጊዜ ነው። ደቡብ አፍሪካ በሩጫው ወዲያው ሜዳሊያ ይዛ ስትመለስ፣ የዋተር ፖሎ ቡድኖቿ ግን ገና 29 ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። ወንዶቹ ለመጨረሻ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ የተጫወቱት በ1960 በሮም ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ከቶኪዮ በፊት ፈጽሞ ተሰልፈው አያውቁም።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት የገንዳውን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። በ1953 የወጣው የደቡብ አፍሪካ ሕግ መናፈሻውን፣ የባሕር ዳርቻውንና የመዋኛ ገንዳውን ሳይቀር በቆዳ ቀለም ከፋፍሎ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1990 ነው። ሕግ በአንድ ቀን ፊርማ ይሻራል፤ ገንዳ ግን በአንድ ቀን አይቆፈርም። ገንዳ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ዛሬም በአብዛኛው ቀድሞ የነጮች የነበሩትና ከፍተኛ ክፍያ የሚጠይቁት ናቸው። በዚህም የተነሳ ዋተር ፖሎ በዚያች አገር የባለ ገንዳ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ ሆኖ ቆይቷል። ከ60 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ካላት አገር ተጫዋች የሚመለመለው ከጠባብ ማሰሮ ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ ገንዘቡ አለ። የአውሮፓ ተጫዋቾች ደመወዝ በሚከፍሉ ክለቦች ውስጥ ሳምንት ሙሉ ሲለማመዱ፣ ደቡብ አፍሪካውያኑ ትምህርታቸውንና ሥራቸውን ከልምምዱ ጋር እያጣጣሙ፣ ለጉዞና ለልምምድ የሚያስፈልገውን ወጪ ከራሳቸውና ከቤተሰባቸው ኪስ እያዋጡ የኖሩ ናቸው። ወደ ቶኪዮ በሚያደርሰው የመጨረሻ ዓመት ደግሞ የኮቪድ ወረርሽኝ መጣና ገንዳዎች ተዘጉ። ሯጭ ቢቸግረው በግቢው ውስጥ ይሮጣል፤ ኳስ ተጫዋችም ግድግዳ እየመታ ይለማመዳል። ውኃ የሌለው የዋተር ፖሎ ተጫዋች ምን ያደርጋል?

በቶኪዮ የቡድኑ አሰልጣኝ ዴሌን ሜንቱር ነበረች። በቶኪዮው የሴቶች ውድድር ላይ ከተሰለፉት የ10 ቡድኖች ዋና አሰልጣኞች መካከል ሴቷ እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ 9 ወንዶች ናቸው። በ97 ለ 7 ጫጫታ ውስጥ ይህ ነገር ከነጭራሹ ሳይነሳ ቀረ። ትልልቆቹ አገሮች ያላደረጉትን ያደረገችው የመጨረሻዋ ነበረች።

ከእነማን ጋር ነበር የገጠሙት?

የዕጣውን ክብደት እንይ። አውስትራሊያ በ2000 በሲድኒ የመጀመሪያውን የሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደች አገር ናት። ሆላንድ በ2008 በቤይጂንግ ወርቅ አግኝታለች፤ በ2023 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና ሆናለች። ስፔን በዚያው በቶኪዮ ለፍጻሜ ደርሳ በአሜሪካ 14 ለ 5 ተሸንፋ ብር ወሰደች፤ ከ3 ዓመት በኋላ በፓሪስ አውስትራሊያን 11 ለ 9 አሸንፋ ወርቁን ከቤቷ አስገባች። ማለትም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው ወጣት ቡድን በአንድ ምድብ ውስጥ ሁለት የቀድሞ ሻምፒዮናዎችንና አንዲት የወደፊት ሻምፒዮና ገጥሟል። ይህ ጀማሪ ቦክሰኛን በመጀመሪያ ቀኑ ከቀበቶ ባለቤቶች ጋር እንደማጋጠም ነው።

ግን ደግሞ ሌላውንም ወገን እንመልከት። እነዚህ ኃያላንም ቢሆኑ ከሰማይ አልወረዱም። ዋተር ፖሎ ለወንዶች ኦሊምፒክ የገባው በ1900 ነው። ለሴቶች የተፈቀደው በ2000 ነው። መቶ ዓመት! ያም የሆነው የአውስትራሊያና የሌሎች አገሮች ሴት ተጫዋቾች ለዓመታት ተከራክረውና ደጅ ጠንተው ነው። ለሴቶቹ ይነገራቸው የነበረው ምክንያት ዛሬ ለደካማ አገሮች ከሚነገረው ብዙም አይርቅም፤ "ገና አልደረሳችሁም" የሚል ነበር። በሩ በተከፈተ በ12 ዓመቱ፣ በ2012 በለንደን፣ ስፔን ለመጀመሪያ ጊዜ በሴቶች ተሰለፈችና ብር አገኘች። ስፔን ለዚህ የበቃችው ክለቡም፣ ገንዳውም፣ ከጎረቤት ኃያላን ጋር ዓመት እስከ ዓመት የሚደረገው ግጥሚያም ስለነበራት ነው። ደቡብ አፍሪካ ብርቱ ተጋጣሚ ለማግኘት አውሮፕላን መሳፈር አለባት፤ ለአውሮፕላኑም መክፈል አለባት።

በሩን የሚዘጋው ማነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በኦሊምፒክ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ አህጉር የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የአፍሪካን ድርሻ ማግኘት ለደቡብ አፍሪካ ከባድ አልነበረም። ከባዱ የራሷን የኦሊምፒክ ኮሚቴ ማሳመን ነበር። ኮሚቴው ለ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ "የአፍሪካን ማጣሪያ ማሸነፍ ብቻውን አያስልክም" የሚል መመሪያ አወጣ። በዚህም ምክንያት አህጉራቸውን አሸንፈው ቦታ ያገኙ የሆኪ ቡድኖች ሳይቀሩ ከሪዮ ቀሩ። የኮሚቴው ሐሳብ "የምንልከው ሊፎካከር የሚችለውን ነው" የሚል ነው። ለቶኪዮ መመሪያው ሲላላ የዋተር ፖሎዎቹ ወንዶችና ሴቶች ሄዱ። ውጤቱ የታየው ሆነ። ከዚያም በ2024 ለፓሪስ እንደገና በሩ ተዘጋ። የሴቶቹን ቦታ ደቡብ አፍሪካ ሳትጠቀምበት ቀረች፤ ቦታውም ለካናዳ ተሰጠ። በፓሪስ ገንዳ ውስጥ በሴቶችም በወንዶችም አንድም የአፍሪካ የዋተር ፖሎ ቡድን አልታየም።

"አይሂዱ" የሚሉትን ሰዎች ሐሳብ አቃልለን ማለፍ አንፈልግም። ገንዘብ ውስን ነው። ተፎካካሪ ለሆነው ሯጭና ዋናተኛ ልምምድ የሚውለውን ብር 97 ግብ ለሚቆጠርበት ቡድን መስጠት ተገቢ ነው ወይ? ብለው ይጠይቃሉ። ኦሊምፒክ የዓለም ምርጦች መድረክ እንጂ የልምምድ ሜዳ አይደለም ይላሉ። ወጣትን ልጅ በዓለም ፊት ለውርደት ማጋለጥስ ደግነት ነው? ይላሉ። እነዚህ የጠላት ጥያቄዎች አይደሉም። የሚጠይቁትም ሰዎች ስፖርቱን የሚወዱ ናቸው።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የምንሰጠው መልስ ግን አንድ ነው። ከጠንካራ ጋር ሳይጋጠሙ መጠንከር አይቻልም። "ከጠነከራችሁ በኋላ ትጋጠማላችሁ" ማለት "ዋና ከለመዳችሁ በኋላ ውኃ ትገባላችሁ" ማለት ነው። ቤታቸው የቀሩት የ2024ቱ ልጆች አልተሸነፉም፤ እውነት ነው። የተማሩትም ነገር የለም። በቶኪዮ ሆላንዶቹ በምን ፍጥነት እንደሚዞሩ፣ ስፔኖቹ ኳሷን ከየት ከየት እንደሚያመጡ በገዛ አካላቸው ያወቁት ልጆች እውቀቱን ይዘው ሲመለሱ፣ የሚቀጥለው በር ተዘጋና ያ እውቀት ለታናናሾቻቸው የሚተላለፍበት መድረክ ሳያገኝ ቀረ። አንድ ጊዜ ልኮ ማቋረጥ ጨርሶ ካለመላክ የባሰ ኪሳራ ነው። ለትምህርት ቤት ክፍያ ከፍሎ ልጁን ከመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በኋላ እንደማስወጣት ይቆጠራል።

የጃፓኖች ብልኃት

ይህ የምኞት ወሬ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እናንሳ። የጃፓን ወንዶች የዋተር ፖሎ ቡድን ከ1984 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተመለሰው በ2016 በሪዮ ነበር። 5 ጊዜ ተጋጠመ፤ 5ቱንም ተሸነፈ። ጃፓኖች በቁመትና በክብደት ከሃንጋሪና ከሰርቢያ ግዙፎች ጋር አይወዳደሩም። በዋተር ፖሎ ደግሞ ግቡ ፊት ለፊት በሚደረገው ትግል ግዝፈት ትልቅ ዋጋ አለው።

አሰልጣኛቸው ዮጂ ኦሞቶ ታዲያ ግዙፎቹን በግዝፈት ለመግጠም አልሞከሩም። ሌሎች ቡድኖች ተከላካዩን በአጥቂውና በግቡ መካከል ሲያቆሙ፣ ጃፓኖች ተከላካያቸውን ኳሷ በምትመጣበት መስመር ላይ፣ ከአጥቂው ፊት አስቀደሙት። ዓላማው ኳሷ ግዙፉ አጥቂ ዘንድ ሳትደርስ መንገድ ላይ መንጠቅና በዋና ፍጥነት ወደ መልሶ ማጥቃት መሄድ ነው። አደጋ አለው፤ ኳሷ ካለፈች አጥቂው ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻውን ይገናኛል። በዚህ ምክንያት ብዙ ግብ ይገባባቸዋል፤ እነሱም ብዙ ያገባሉ። በቶኪዮ ይኸው ቡድን በአሜሪካ የተሸነፈው 15 ለ 13፣ በዚያ ውድድር ብር ባገኘችው በግሪክ ደግሞ 10 ለ 9 ነበር። በምድቡ መጨረሻ ላይ አንድ ጨዋታ አሸነፈ። በ2023 በሃንግዡ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ደግሞ ወርቅ ወሰደ።

በቶኪዮ ጃፓኖች ያሸነፉት ማንን መሰላችሁ? የደቡብ አፍሪካን ወንዶች ነው፤ 24 ለ 9። ደቡብ አፍሪካውያኑ ወንዶች በሃንጋሪ 23 ለ 1 የተሸነፉ ናቸው። ከ1 ግብ ወደ 9 ግብ የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው፣ በሪዮ 5 ለ 5 ተሸንፎ የነበረው ጃፓን የት እንደደረሰም ያየ ሰው፣ ሽንፈት የጉዞ መጨረሻ መሆኑን እንዴት እርግጠኛ ሆኖ ይናገራል?

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ

የአፍሪካ ዋናተኞች ሲነሱ ዓለም የሚያስታውሰው የኢኳቶሪያል ጊኒውን ኤሪክ ሙሳምባኒን ነው። በ2000 ሲድኒ ላይ በ100 ሜትር ማጣሪያ ሁለቱ ተፎካካሪዎቹ ያለጊዜ በመነሳታቸው ሲታገዱ፣ ብቻውን ዋኝቶ በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ጨረሰ። ሊሰጥም የደረሰ እስኪመስል ድረስ ታገለ። የ50 ሜትር ገንዳ ያየው እዚያው ሲድኒ ላይ ነበር፤ የተለማመደው በአጭር የሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው። ዓለም ሳቀ፤ ከሳቀም በኋላ አጨበጨበ። ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሙሳምባኒ ልምምዱን ቀጠለ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያንኑ ርቀት ከ57 ሰከንድ በታች ዋኘ። በኋላም የአገሩ የዋና ቡድን አሰልጣኝ ሆነ። ሰዓቱን በግማሽ ገደማ የቀነሰው ያ ሰው በ2000 "አትሂድ" ቢባል ኖሮ ዛሬ ማን ያሰለጥን ነበር?

እኛም የራሳችን አለን። በ2016 ሪዮ ላይ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ዋና 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻው ሆነ። የዓለም መገናኛ ብዙኃን በሰውነቱ ቅርጽ ተሳለቁ። የእኛም ሰው በማኅበራዊ ድረ ገጾች ላይ ከነሱ ባልተናነሰ ተቀባበለው። እዚህ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። "ተወዳዳሪው እንዴት ተመረጠ? ሌሎች ወጣት ዋናተኞች ዕድል አግኝተው ነበር ወይ?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በተለይ አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት እንደነበሩ በሰፊው ከተዘገበ በኋላ። በልጁ ገላ ላይ መሳቅ ግን ነውር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ፌዴሬሽን ያስተካክላል። ሁለተኛው የሚያተርፈው ቢኖር ሌላ የኢትዮጵያ ልጅ ገንዳ እንዳይገባ ማሳፈር ነው። የደቡብ አፍሪካ ሴቶችን ጉዳይ ከዚህ የሚለየውም ይኸው ነው፤ እነሱ ቦታውን ያገኙት በአህጉራቸው በነበራቸው የበላይነት ነው።

በጋዜጣ ቤት በኖርንባቸው ዓመታት የተማርነው አንድ ነገር አለ። የድል ዜና የፊት ገጽ ይይዛል፤ ሽንፈት ውስጥ ገብቶ ሁለት መስመር ይሰጠዋል። በዚህ ልማድ የተነሳ ያደገው አንባቢ ድል ያለ ዘር የበቀለ ይመስለዋል። ስለ አበበ ቢቂላ የ1960 የሮም ድል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚያ በፊት በ1956 በሜልበርን ምን እንደሆነ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ የተካፈለችው በሜልበርን ነው። 12 ስፖርተኞች በሩጫና በብስክሌት ተወዳደሩ። አንድም ሜዳሊያ አልመጣም። ከሄዱት መካከል አንድ የ24 ዓመት ወጣት በ800 ሜትርና በ1,500 ሜትር ተሰልፎ ከማጣሪያው ሳያልፍ ቀረ። በዚያን ጊዜ አንድ ብልህ ነኝ ባይ ባለሥልጣን ተነስቶ "ይህ ልጅ አገር አሰደበ፤ ሁለተኛ እንዳይላክ" ቢል ኖሮ ውጤቱን አይቶ የሚቃወመው አይኖርም ነበር። ያ ልጅ ማሞ ወልዴ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1968 በሜክሲኮ፣ በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ ለአገሩ ያመጣው ማሞ። በ1972 በሙኒክም በማራቶን ነሐስ የጨመረው ማሞ።

ማሞ ወልዴን ያስገኘው የሜልበርን ሽንፈት ብቻ ነው አንልም። ተሰጥኦው፣ ልፋቱና አሰልጣኞቹ ነበሩ። ግን ከማጣሪያ የወደቀው ማሞ እንደገና ባይላክ ኖሮ የሜክሲኮው ማሞ አይኖርም። ልዩነቱን ያመጣው እንደገና መላኩ ነው።

ከዚህ በኋላስ?

የሎስ አንጀለስ የ2028 ኦሊምፒክ ለሴቶች ዋተር ፖሎ መልካም ዜና ይዟል። በፓሪስ የሴቶቹ ውድድር 10 ቡድን ብቻ ነበረው፤ የወንዶቹ 12። በሎስ አንጀለስ ግን ሁለቱም እኩል 12 እንዲሆኑ በ2025 ተወስኗል። ሁለት ተጨማሪ ወንበር ተዘርግቷል ማለት ነው። ወንበሩ ላይ አፍሪካ ትቀመጣለች ወይስ እንደ ፓሪሱ ለሌላ ትተዋለች የሚለውን የሚወስኑት አገሮቹ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ልካ የምትቀጥል ከሆነ ቁጥሩ ወዲያው ይለወጣል ብለን አንዋሽም። 33 ለ 1 ወደ 25 ለ 3፣ ከዚያ ወደ 18 ለ 6 ይወርድ ይሆናል። ጋዜጦችም "ዳግመኛ ተሸነፉ" ብለው ይጽፋሉ። የስፖርት ሰው የሆነ ግን በ1 እና በ6 መካከል ያለውን ያነብበዋል።

ይህንን የምታነብቡ ብዙዎቻችሁ በስደት አገር ልጅ እያሳደጋችሁ ነው። በሰፈራችሁ የሕዝብ ገንዳ አለ፤ በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የዋና ቡድን ሊኖር ይችላል። የእኛ ልጆች ወደ ሩጫውና ወደ እግር ኳሱ እንጂ ወደ ውኃው ብዙ አይሄዱም። እኛ ወላጆች ራሳችን ስለማንዋኝ እንፈራለታለን፤ "ውኃ የኛ አይደለም" እንላለን። ከጃማይካ በመጡ ወላጆች ማያሚ ውስጥ ያደገችው አሽሊ ጆንሰን ግን ዋና ተምራ፣ በ2016 በአሜሪካ የሴቶች የኦሊምፒክ ዋተር ፖሎ ቡድን ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ግብ ጠባቂ ናት፤ በሪዮም በቶኪዮም ወርቅ አግኝታለች። ውኃ የማንም ዘር ርስት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ልጃችሁ ገንዳ ገብቶ የመጀመሪያ ውድድሩን በመጨረሻነት ቢጨርስ፣ ቡድኑም 20 ለ 1 ተሸንፎ ቢወጣ፣ መኪናው ውስጥ ሲገባ "ስንተኛ ወጣህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ነው?" በሉት። ደቡብ አፍሪካውያኑ ሴቶች 97 ግብ ተቆጥሮባቸው ከቶኪዮ ሲመለሱ መስማት የነበረባቸው ጥያቄም ይኸው ነበር። እስካሁን መልስ የሚሰጣቸው ሰው አላገኙም።